ጨዋማ አኳሪየም ጅማ ላይ፦ ፓምፕ፣ ቧንቧ እና መብራት ሲጠፋ የሚወርደው ውሃ

የቆጪ_ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጨዋማ ውሃ አኳሪየም (የባህር ዓሣና ኮራል የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) ልጀምር ነው። ጨውና ፓምፑ ከአዲስ አበባ መጥቶልኛል። መስታወቱን እዚሁ ጅማ እያሠራሁ ነው። ላይኛው ገንዳ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ የሚቀመጠው ሳምፕ፣ ማለትም ውሃው የሚወርድበትና በመስታወት በክፍል የተከፋፈለው ታችኛው ገንዳ፣ 80 በ40 በ40 ነው። መቆሚያውን አናጺ በዋንዛ እየሠራልኝ ነው፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ።

ላይኛው ገንዳ ማዕዘን ላይ ኦቨርፍሎው ሳጥን (ትርፉ ውሃ የሚገባበት) አለ። ሳጥኑ ሥር ሁለት መውረጃ ቀዳዳ ተበስቷል። ፓምፑ ውሃ የሚመልስበት ቀዳዳ ደግሞ የኋላው መስታወት ላይ ነው፣ ከታች 30 ሴንቲ ከፍ ብሎ። ፓምፑ ካርቶኑ ላይ 3000 ሊትር በሰዓት ይላል።

ሳምፑን እስከ የት ልሙላ? ቧንቧው ምን ዓይነት ይሁን? ከሁሉም በላይ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ሰፈራችንን ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው። ቤቱ ኪራይ ነው፣ ወለሉም ጣውላ ነው።

ሰጦ_ሰመሮ

ጅማ ላይ ባህር! ቡናው አልበቃ ብሎ? እስቲ ይሳካልህ፣ ሲያልቅ ፎቶ ላክ።

ጨው_ሚዛን

እንኳን ውሃ ሳትሞላ ጠየቅክ ወንድሜ። 30 ሴንቲ ላይ ያለው ቀዳዳ እንዳለ ከቀረ ያንን ጣውላ ወለል ያጥለቀልቀዋል።

የላይኛውን ገንዳ የውሃ ልክ የሚወስነው ፓምፑ አይደለም። የሳጥኑ ጥርስ ነው፣ ጠርዙ ላይ የተቆረጡት ክፍተቶች ማለት ነው። ፓምፑ ብዙ ቢገፋም ትንሽ ቢገፋም ትርፉ በጥርሱ አልፎ ይወርዳል። ሳምፕ ውስጥም ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) ያለበት ክፍል የመከፋፈያው መስታወት እስካለበት ድረስ ብቻ ነው የሚይዘው። ታዲያ ውሃ ሲተን የት ይጎድላል? ፓምፑ ባለበት የመጨረሻ ክፍል ብቻ። ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ውሃው ይወርዳል።

አሁን መብራት ጠፋ እንበል። ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው ግን አይቆምም። በመጣበት ቧንቧ ወደ ታች መመለስ ይጀምራል። ሳይፈን ማለት ይሄ ነው። የሚቆመው ገንዳው ውስጥ ያለው የቧንቧው አፍ አየር ሲያገኝ ነው። ያንተ ገንዳ 120 በ50 ስለሆነ አንድ ሴንቲ ውሃ 6 ሊትር ነው። ሲሠራ የውሃው ልክ 46 ሴንቲ ይሆናል እንበል። አፉ 30 ላይ ከሆነ 16 ሴንቲ ውሃ ይወርዳል። 96 ሊትር ነው። ሳምፕህ ጢም ብሎ ቢሞላ 128 ሊትር ይይዛል፣ ግማሹን ደግሞ ሲሠራ የነበረው ውሃ ይዞታል። ቀሪው የት ይሄዳል? ወለል ላይ።

ግን ቀዳዳውን መድፈን አያስፈልግም። ከውስጥ በኩል ጎሚቶ (ቧንቧ የሚያጣጥፍ መጋጠሚያ) አስገባና ቧንቧውን ወደ ላይ አንሣው። አፉ ከውሃው ገጽ 2 ሴንቲ ብቻ ዝቅ ይበል። ያኔ የሚወርደው 12 ሊትር ነው። ሳጥኑና ቧንቧው ውስጥ ያለውን ስትጨምር ከ20 ሊትር አያልፍም። የውስጡ መጋጠሚያ ግን በደንብ ይታሸግ። ካፈሰ ሳይፈኑ በዚያ በኩል መሳቡን ይቀጥላል፣ ሥራህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቧንቧው ላይ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርገው ቀዳዳ የሚበሱ አሉ፣ አየር ቶሎ እንዲገባ። አይከፋም። ግን አልጌ ይደፍነዋል፣ ቀንድ አውጣም ይቀመጥበታል። ለተጨማሪ ጥንቃቄ ብቻ አድርገው።

ቧንቧ_ቤት

ልጆች፣ ነገሩን ለምን ታከብዱታላችሁ? እኛ ቤት ስንሠራ ከፓምፑ በላይ ቼክ ቫልቭ እናስገባለን፣ አለቀ። ውሃ ወደ ኋላ አይመለስም። እዚሁ መርካቶ ሱቁ ሁሉ አለው። ቧንቧውን ፒፒአር (በሙቀት የሚበየደው ፕላስቲክ) 25 አድርገው። በማሽን ከተበየደ ዕድሜ ልክህን አያፈስም።

ጨው_ሚዛን

ጋሼ፣ በሙያዎ አልከራከርም። ግን ሱቅ ያለው ቼክ ቫልቭ አብዛኛው ናስ ነው። ናስ ደግሞ መዳብና ዚንክ ነው። የጨው ውሃ ይበላዋል፣ የተበላው ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ዓሣው ሊችለው ይችል ይሆናል። ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል ግን ትንሽም መዳብ አይችሉም። ለዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያን መዳብ የሚሰጠው ለብቻው በተለየ ገንዳ የሆነው ለዚህ ነው። ጋልቫናይዝድ ቧንቧም እንደዚያው፣ ዚንክ የተቀባ ነው። ፒፒአር ራሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ችግር የለውም። የሚጠመዘዙት መጋጠሚያዎቹ ግን ውስጣቸው ኒኬል የተቀባ ናስ አለ። ከላይ ሲያዩት ፕላስቲክ ነው፣ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው።

የፕላስቲክ ቼክ ቫልቭም አለ። ማስገባት ይቻላል። ግን እሱን አምኖ የሳምፑን ባዶ ቦታ ማሳነስ ጥሩ አይደለም። በጨው ውሃ ቧንቧ ውስጥ ኖራ የሚሠራ አልጌና ቅርፊት ያላቸው ትናንሽ ትሎች ይበቅላሉ። አንዲት ቁራጭ ምላሱ ሥር ከገባች አይዘጋም። የማይዘጋው ደግሞ ሌሊት፣ መብራት የጠፋ ዕለት ነው።

ቧንቧ_ቤት

ናሱን ተቀብያለሁ። ስለ ጨው ውሃ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀውን ልጨምር።

ፒፒአር ላይ የተጻፈው ቁጥር የውጩ ስፋት ነው። ፒኤን 20 የሚባለው ወፍራሙ፣ 25 የተባለው ውስጡ 16.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 32ቱ 21.2። ግድግዳው ሰፊውን ቦታ ይበላል። ለመኖሪያ ቤት ምንም አይደለም፣ ግፊቱ ከሮቶው ከፍታ ይመጣል። የእናንተ ፓምፕ ግን ደካማ ነው፣ ውሃ የሚያነሳው አንድ ሜትር ተኩል እንኳን አይሞላም። እሱን በጠባብ ቧንቧ ማነቅ ግፍ ነው። ለዚህ ሥራ በኮላ የሚጣበቀው ፒቪሲ ይሻላል። ግድግዳው ቀጭን ነው፣ የሚጠመዘዝ ብረትም የለበትም። ኮላው ሳይደርቅ ውሃ አታስነካው። ጓርኒሲዮን (የጎማ ማሸጊያ) የሚገባበትን ደግሞ በእጅ ጥበቀው፣ በቁልፍ ከጠበቀ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ከፓምፑ በላይ የፕላስቲክ ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም መጋጠሚያ) አድርግበት። ፓምፑን ለማጠብ ባወጣኸው ቁጥር ቧንቧ አትቁረጥ። ጎሚቶም አታብዛ። ባለ 90 ጎሚቶ ውሃውን ይገታዋል፣ ቦታ ካለህ በሁለት ባለ 45 አጥፈው።

የቆጪ_ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 25 ፒፒአር ልገዛ ነበር፣ ቀረ።

የፓምፑ ነገር አልገባኝም። 3000 ሊትር ለ300 ሊትር ገንዳ አይበዛም?

ኪቶ_ፉርዲሳ

አይበዛም፣ ምክንያቱም 3000 አታገኝም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ፓምፑ ውሃውን ምንም ከፍታ ሳያነሳ የሚገፋው ነው። እዚያው ካርቶን ላይ ከፍተኛው ከፍታ ተብሎ የተጻፈም አለ። እዚያ ከፍታ ላይ ሲደርስ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው። 3 ሜትር ከሆነና አንተ አንድ ሜትር ከምናምን ካነሳህ፣ የቧንቧውና የጎሚቶው መታነቅ ተጨምሮበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። 1500 አካባቢ በለው። ከገንዳህ አምስት እጥፍ ማለት ነው፣ ለሳምፕ ይበቃል። ኮራሎቹ የሚፈልጉት ኃይለኛ ሞገድ ገንዳው ውስጥ ከሚገባ ሌላ ትንሽ ፓምፕ ይመጣል እንጂ ከዚህ አይጠበቅም።

ሁላችሁም የተናገራችሁት ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ነው። ተቃራኒውንም አስቡ። መብራት አለ፣ መውረጃው ግን ተደፈነ። ፓምፑ የመጨረሻውን ክፍል ውሃ ጠጥቶ ሽቅብ ይልከዋል። ክፍሏ 25 በ40 ከሆነች አንድ ሴንቲ አንድ ሊትር ነው። 18 ሴንቲ ሞልተህ ፓምፑ እስከ 5 ሴንቲ ቢስብ 13 ሊትር ወጣ ማለት ነው። ላይኛው ገንዳ በ2 ሴንቲ ከትንሽ ከፍ ይላል። ከጠርዙ 4 ሴንቲ ባዶ ስለተውክ አይፈስም። ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል፣ ይጮሃል፣ ትሰማዋለህ። የመጨረሻው ክፍል ትንሽ እንዲሆን የሚፈለገው ለዚህ ነው። ሰዎች ግን ውሃ መጨመር ሲሰለቻቸው ያሰፉታል።

ስለ ጅማ ደግሞ አንድ ነገር። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። መጽሐፍና ቪዲዮ ላይ የምታዩት ሁሉ ባህር ጠለል ላይ ላለ ሰው የተሰላ ነው። ስለዚህ የዓሣ ቁጥር ላይ ቆጠብ በሉ፣ የውሃው ገጽም ሁልጊዜ ይነቃነቅ። የመመለሻውን አፍ ትንሽ ወደ ላይ አዘንብለው።

የቆጪ_ልጅ

የኦክስጅኑን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። አመሰግናለሁ።

ሌላ ጥያቄ። ቪዲዮ ላይ መውረጃው በጣም ሲጮህ ሰምቻለሁ። እኔ የምተኛው እዚያው ክፍል ነው። ሁለት መውረጃ ቀዳዳ ያለኝ ለዚህ ይረዳል?

ጨው_ሚዛን

በጣም ይረዳል። ጩኸቱ ውሃና አየር በአንድ ቧንቧ ሲሻሙ የሚመጣ ነው። ከጀሪካን ውሃ ስትደፋ ጉልቅ ጉልቅ የሚለው ማለት ነው። አየሩን ካስወጣህ ድምፁ ይጠፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ቧንቧ ሳጥኑ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከታች ቫልቭ ታስገባለታለህ። ቫልቩን ቀስ እያልክ ስትዘጋ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከአፉ በላይ ይወጣና ቧንቧው ሙሉ በሙሉ በውሃ ይሞላል። ያኔ ዝም ይላል። ሁለተኛው ቧንቧ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ያለ ቫልቭ። በአዘቦቱ ቀን ደረቅ ነው፣ ወይም ቀጭን ውሃ ብቻ ያልፍበታል። የመጀመሪያው ከተደፈነ ሙሉውን ውሃ እሱ ይረከባል። ውጭ አገር ያሉት ኸርቢ ይሉታል። ሁለተኛው ላይ ምንም ዓይነት መዝጊያ እንዳታደርግ፣ ማንም ቢመክርህ።

ቫልቩ ቀስ በቀስ የሚዞረው ቢሆን ይመረጣል። ሱቅ የምታገኘው የዚያ ዓይነት ግን አብዛኛው ናስ ነው። የፕላስቲኩ በአንድ እጀታ ቶሎ የሚዘጋው ነው። እሱም ይሠራል፣ ለማስተካከል ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በፀጉር ታህል ታዞረዋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ደግሞ ታዞራለህ። ፍጥነቱ የሚቀየር ፓምፕ ከሆነ ቫልቩን ትተህ ፓምፑን አስተካክል፣ ይቀላል።

የመውረጃው ጫፍ ሳምፕ ውስጥ ከውሃው ገጽ 2 ሴንቲ ብቻ ይጥለቅ። ሰዎች ድምፅ ፈርተው እስከ ታች ያወርዱታል። ያኔ መብራት ሲመጣ ቧንቧው ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ያጣና ሳይፈኑ አይነሳም። መብራት በመጣ ቁጥር ለትንሽ ጊዜ ሁለተኛው ቧንቧ ይንጫጫል፣ አትደንግጥ። ዋናው ሲይዝ ዝም ይላል።

ሂርማታ_ዳር

አሰላሙ አለይኩም። ወንዶቹ ቧንቧውን ጨርሳችሁታል፣ ስለ ትነቱ እኔ ልበል።

የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። ጨው አይተንም፣ ይቀራል። ስለዚህ የጎደለውን የምትተካው በጨው አልባ ንጹሕ ውሃ ነው። ብዙ ጀማሪ የጨው ውሃ እየጨመረ ጨዋማነቱን ሰማይ ያደርሰዋል። የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም አካባቢ ጨው አለው፣ የጨዋማነት መለኪያው ላይ 1.026 ገደማ ነው። እዚያው አካባቢ ይቆይ።

ጅማ ውርጭ ባይኖርም ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ገንዳው ደግሞ 25 ዲግሪ ይፈልጋል። ሙቅ ውሃ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቶሎ ይተናል። በበጋ ይብሳል፣ ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ይቀንሳል። በቀን 3 ሊትር ቢተን ያንተ የመጨረሻ ክፍል 3 ሴንቲ ጎደለች ማለት ነው። ፓምፑ በደንብ ለመሳብ 10 ሴንቲ ውሃ ቢፈልግ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ነው ያለህ። ከዚያ አየር እየሳበ ገንዳውን በጥቃቅን አረፋ ይሞላዋል። አረፋ ካየህ ሌላ ችግር ሳትፈልግ መጀመሪያ ያቺን ክፍል እያት።

ማሞቂያውን እዚያ ክፍል አታስገባ። ውሃው ሲጎድል ከውሃ ይወጣና ይነድዳል፣ ወይም ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ልኩ የማይለወጠው የስኪመሩ ክፍል ነው ቦታው።

በተንሳፋፊ ቫልቭ ወይም በሴንሰር ራሱ እንዲሞላ ማድረግ ይቻላል። እኔም እሱን ነው የምጠቀመው። ግን ከሮቶ በቀጥታ አታገናኘው! ቫልቩ አንድ ቀን ከተጣበቀ ሮቶው ሙሉ ይገባል። መጠባበቂያው ትንሽ ዕቃ ይሁን። ኪቶ_ፉርዲሳ ያነሳው መደፈን ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፓምፑ ክፍሏን ሲያደርቃት ሴንሰሩ ውሃ የጎደለ መስሎት ይሞላል፣ ፓምፑ እሱንም ወደ ላይ ይገፋዋል። 20 ሊትር ያለው መጠባበቂያ ከሆነ ጠርዙን አልፎ ወለልህ ላይ ነው። 10 ሊትር ይበቃሃል።

የቆጪ_ልጅ

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። የዝናብ ውሃስ? ክረምቱን ሙሉ ጣራው ላይ በነፃ እየወረደ ነው።

ሂርማታ_ዳር

ጣራህ ቆርቆሮ ከሆነ ተወው። ቆርቆሮው የተቀባው ዚንክ ነው። ቧንቧውን ከናስ አድነህ በጣራው በኩል ልታስገባው? የተጣራ ውሃ ፈልግ።

መንቲና_በታች

መብራት ሲጠፋ ውሃው የማይፈስ መሆኑ ጥሩ። ዓሣውስ? ከኢንቨርተር ጋር ትልቁን ፓምፕ ለማስነሳት አትድከም። መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገንዳው ውስጥ አየር ከነፋ ሌሊቱን ያሻግራል። አቅም ካለህ በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራ የሞገድ ፓምፕ ግዛ፣ ከሶላር ባትሪ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፣ ቮልቱ ከተመሳሰለ።

ዲቫይደሩን ደግሞ ሳምፑ አጠገብ መሬት ላይ አታስቀምጥ። ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገህ ስቀለው። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ይመለስ፣ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ጥሩ አድርጎ ያስተላልፋል።

ሰጦ_ሰመሮ

ለቀልድ ገብቼ ሙሉውን አነበብኩት። ክብደቱስ? ዋንዛው ይችላል?

ቧንቧ_ቤት

ውሃው ብቻ ሳምፑን ጨምሮ 350 ኪሎ አካባቢ ነው። መስታወትና ድንጋይ አልቆጠርኩም። ዋንዛው ይችላል፣ የሚያሳስበኝ ጣውላው ወለል ነው። ከሥሩ ያሉት ማገሮች ወዴት እንደተዘረጉ እይ፣ መቆሚያውን በእነሱ ላይ አቋርጦ እንዲያርፍ አድርግ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ። አከራይህንም አስፈቅድ።

የቆጪ_ልጅ

ጨርሻለሁ። በ32 ፒቪሲ ነው የሠራሁት፣ የመመለሻውን አፍ በጎሚቶ አንስቼ 44 ሴንቲ ላይ አቆምኩት። ጨው ሳልጨምር በባዶ ውሃ ሞከርኩ። ሲሠራ የስኪመሩ ክፍል 22 ሴንቲ፣ የፓምፑ ክፍል 18 ሴንቲ ነው። ሶኬቱን ነቀልኩ። ውሃው መውረዱን ሲያቆም ሳምፑ በሙሉ 26 ሴንቲ ላይ ቆመ። ከጠርዙ 14 ሴንቲ ይቀረዋል። መልሼ ስሰካው ትንሽ ተንጫጫና ዝም አለ።

ይሄን ያህል ባዶ ቦታ ካለ የፓምፑን ክፍል ወደ 21 ከፍ ላድርገው? ትነቱን አንድ ቀን ያራዝምልኛል።

ጨው_ሚዛን

ለሳምፑ ምንም አይደለም። ግን መከፋፈያህ 22 ነው። 21 ካደረግከው ውሃው ከላይ ለመውደቅ አንድ ሴንቲ ብቻ ይቀረዋል፣ ውሃ ስትጨምር ትንሽ እጅህ ካለፈ የስኪመሩንም ክፍል ከፍ ያደርገዋል። ስኪመር ደግሞ የውሃ ልክ ሲለዋወጥበት አይወድም፣ ዋንጫው በቆሻሻ ፈንታ ውሃ ይሞላል። 20 ላይ አቁመው። መውረጃው ቢደፈን ወደ ላይ የሚሄደው 15 ሊትር ነው፣ ላይኛውን በ2 ሴንቲ ተኩል ከፍ ያደርጋል፣ ቦታ አለህ።

20 ላይ በማርከር መስመር አስምር። ከዚያ በላይ የሚሞላ ሰው እንዳይኖር ለቤት ሰውም ንገር። ስኪመሩን ስታስገባ ሶኬቱን ደግመህ ንቀል። ሲጠፋ ሆዱ ውስጥ ያለው ውሃም ወደ ሳምፕ ስለሚወርድ 26 የነበረው ትንሽ ከፍ ይላል።

የቆጪ_ልጅ

20 አደረግኩት። ስኪመሩ ሐሙስ ይደርሳል፣ ሞክሬ ቁጥሩን እጽፋለሁ።